መስመሩ ጸጥ ያለ ዕለት

ልጄ ለሚስቱ «እናቴ እኮ አታይም» ሲላት የሰማሁት ጥርሴን እየቦረሽኩ ነው። መታጠቢያው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ከእነሱ መኝታ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ እንኳን ሰው ሲያወራ ሲገላበጥም ይሰማል። ቧንቧውን ዘጋሁት። ልስማ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልስማ ብዬ ነው። «ትናንት ሻዩን ከስኒው ውጭ ነው የቀዳችው፤ አይቼ ዝም አልኩ» ይላል። «ባለፈው ደግሞ ደረጃውን በእግሯ እየዳሰሰች ስትወርድ አየኋት። ከሰኞ ጀምሮ ልጄን ታቅፋ እዚያ ደረጃ ላይ ስትወጣ ስትወርድ ልትውል? አይሆንም። ሞግዚት እንፈልግ።» ምራቴ ሳቀች። ከክፋት አይደለም፣ ገርሟት ነው። «አንተ ሰውዬ ደህና ነህ? እናትህ እኮ ከሺህ ጠርሙስ መሀል ፀጉር የምታክል ስንጥቅ የምታወጣ ሴት ናት። ፋብሪካው በሙሉ ንስር የሚላት ዝም ብሎ ነው?» እሱ አንድ ነገር መለሰላት፤ ግን ሕፃኗ ማልቀስ ስለጀመረች አልተሰማኝም። አረፋውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ነገ ዓርብ የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ፋብሪካ የምለቀው ማንም ሂጂ ብሎኝ አይደለም፤ ሰኞ የምራቴ የወሊድ ፈቃድ ያልቃል፣ እሷ ወደ ቢሮዋ ትመለሳለች፣ እኔ የልጅ ልጄን ሚጣን እይዛለሁ፤ ሦስታችን ሶፋው ላይ ቁጭ ብለን የተስማማነው ይኼንን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጠርሙስ ሳይ ኖሬ አሁን ደግሞ ሰው ልይ ብዬ ነው የመልቀቂያ ደብዳቤውን ያስገባሁት። እናስ? ፋብሪካውንም ለቅቄ፣ ልጅቷንም ከልክለውኝ፣ እኔ ከሰኞ ጀምሮ ምን ልሆን ነው? እንደ አሮጌ ሶፋ ጥግ ይዤ ልቀመጥ? ደሜ ፈላ። ከምራት ቢመጣ እኮ ይቻላል፤ ምራት ናት፣ ደግሞም ሰው ምራቱን ማማት ያውቅበታል። ከገዛ ልጅ ሲመጣ ግን የት ይኬዳል?

ቁርስ ቀረበ። ወጥ ቤቱ ሦስት ሰው ከገባበት አንዱ ቆሞ የሚበላበት ነው፤ እኔ ቆምኩ። ሻዩን እኔ ነኝ የምቀዳው ብዬ ማንቆርቆሪያውን ከምራቴ እጅ ነጠቅኩ። አውራ ጣቴን በስኒው አፍ ውስጥ አስገባሁና ሙቀቱ ጣቴን ሲነካኝ አቆምኩ፤ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። «ይኼው!» ልለው ቀና ስል ልጄ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ምራቴ የዱቄት ወተት ደግሞ ጨመረ፣ ባለፈው ሳምንት በዚህ ዋጋ ሁለት ይገኝ ነበር አለች። ልጄ እህ አለ። እኔም እህ አልኩ። ሚጣ ከመኝታ ቤት ድምፅ ስታሰማ ሁለታቸውም ተነሱ፤ እኔም ልሄድ እግሬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «ሰርቪስ እንዳያመልጥሽ እማዬ» አለኝ ልጄ። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ፤ ደረጃውንም በእግሬ ሳልዳስስ፣ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ተንገዳገድኩ። ማንም አላየኝም።

ሥራችን ምን መሰላችሁ? የምንሠራው የሕፃናት ሽሮፕ የሚሞላበት ትንሽ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ ከምድጃ ወጥቶ ቀዝቅዞ በቤልት እየተሳበ ወደ እኛ ይመጣል። ከቤልቱ ጀርባ ነጭ መብራት አለ፤ እኛ ሁለት ሁለት ሆነን፣ ግራና ቀኙን ተካፍለን፣ መብራቱ ፊት ለፊት እንቀመጥና አፉ የተሸረፈውን፣ አንገቱ የተሰነጠቀውን፣ ሆዱ አረፋ የያዘውን እየለቀምን እንጥላለን። ያለፈው ወደ ማሸጊያ ይሄዳል፤ እዚያ ሌላ ሰው ሲያሽግ ዓይኑን ጣል ያደርግበታል፣ ግን ዋናዎቹ እኛ ነን። ከእኔ ጋር የምትቀመጠው ቀጭኗ ናት፤ ስሟን ሁላችንም ረስተነዋል፣ ነፋስ ሲነፍስ በሩን እንያዝላት እያልን እንቀልድባታለን። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ብቻ ከጥቂት ወራት ወዲህ ራሴን ራሴን ትላለች፤ በሱ ምክንያት ማርፈድ ጀምራ አንድ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተጽፎባታል።

ራስ ምታቱን ያመጣሁባት እኔ ነኝ፤ ይኼን ያወቅኩት ግን ዛሬ ነው። የፋብሪካው ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ እንደመጣች ሰሞን አንድ ደወል አሰቀለች። በየሃያ ደቂቃው ደወሉ ሲጮኽ እጃችሁን ከጠርሙስ አንሡ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ እዚያ ማዶ ያለውን የውኃ ታንከር ተመልከቱ፣ ዓይናችሁን ደጋግማችሁ ጨፍኑ ግለጡ፣ እስከ ሠላሳ ቁጠሩና ተመለሱ አለችን። ዓይናችሁን አትሹ፣ የሰው ጠብታ ተውሳችሁ አታድርጉ፣ ዕድሜያችሁ ከአርባ ካለፈ በዓመት አንዴ ተመርመሩ የሚል ወረቀትም ግድግዳው ላይ ለጠፈች። እኛ «የሲስተር ጸሎት» አልነው። ሁለት ቀን ታንከሩን አየንላት። ታንከር ምን ይታይበታል? በሦስተኛው ቀን ታዲያ እኔ ብልጧ፣ «ይኼ ሽርፍራፊ ዕረፍት ለምን አይጠራቀምልንም? ሲደወል ዝም ብለን እንሥራና አጠቃለን ማታ ቀደም ብለን እንውጣ፤ ሰርቪሱ ላይ ወንበር እናገኛለን» አልኩ። ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። ፈረቃ አለቃውም መስመሩ የማይቆምለት ስለሆነ ወዲያው እሺ አለ። ሲስተር ስትሰማ ሮጣ መጣች። «የሳምንቱን ትንፋሽ አጠራቅማችሁ ቅዳሜ ትተነፍሳላችሁ?» አለችን። እኔ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ልጄ፣ እኔ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ ነው የማየው።» ሳቁ ለሳምንት በቃን። የዓመቱ ምርመራ ላይም ተራዬ ሲደርስ ፈረቃ አለቃው «ንስርን ልትመረምሯት ነው? እሷ ትመርምራችሁ እንጂ!» ብሎ ቀለደ፤ ሁሉም ሲያወካ እኔ በዚያው ሾልኬ ወጣሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ እንደተናደድኩ ጋዋኔን ለብሼ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። ማታውን መካኒኩ የቤልቱን ግራና ቀኝ በጎማ ለብጦት አድሯል። ይህንንም ያስደረገችው ሲስተር ናት፤ ጠርሙሱ ከብረቱ ጋር፣ እርስ በርሱም እየተላተመ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ስለሚውል ጆሯችሁን ይጎዳል ብላ። ጎማው ፍጥነቱንም ስለሚያረጋጋው ጠርሙሶቹ ተራርቀው፣ ሳይነካኩ ነው የሚመጡት። ቤልቱ ተነሳ። እኔ ገና አልተነሳም ብዬ እየጠበቅኩ ነበር፤ ለካ እየሄደ ነው። ጸጥ! ሴቶቹ «እልል» አሉ። ቀጭኗ «እትዬ፣ ጭንቅላቴ እኮ ተከፈተልኝ!» አለችኝ። እኔን ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። የጠዋቱ ንግግር ነው አልኩ። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ወንበሩን ከፍ ዝቅ አደረግኩ፣ መብራቱን ወለወልኩ። እጄ ሥራ ፈታ፤ ጠርሙሱ ያልፋል፣ እጄ አይዘረጋም። ዛሬ ጥሩ ምርት ነው፣ ሽርፍ የለበትም አልኩ በልቤ።

ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ከማሸጊያ ክፍል አንዷ በትሪ ሦስት ጠርሙስ ይዛ መጣች። አፋቸው የተሸረፈ። ይኼ ያጋጥማል ተብሎ ታለፈ። ቆይታ ሰባት ይዛ መጣች። ሰባት! በሃያ ሁለት ዓመት ከእኔ መብራት ሰባት ተመልሶ አያውቅም። ፈረቃ አለቃው ትሪውን ተቀብሎ ቀጭኗ ፊት አስቀመጠው። ወደ እኔ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። «እዚህ መብራት ላይ ያላችሁት ሁለት ናችሁ። አንዷ ንስር ናት። ሌላዋ ማን ናት?» አላት። እሷ ደነገጠች። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንዲት ሽርፍ አላየሁም!» አለች። «እሱማ ነው ችግሩ፤ አለማየትሽ!» አላትና ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ እንደሚጽፍባት፣ ሦስተኛ ከመጣ ደግሞ ደጅ እንደሆነ ነገራትና ሄደ። እኔ ዝም አልኩ። ይኼን ስናገር ፊቴ ይግላል፤ ግን ዝም አልኩ። ምናልባት እሷ ትሆናለች፣ ራሷን ያማታል፣ ወጣት ደግሞ ሐሳቡ ይበተናል እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ይኼው እስካሁን ከላዬ አልወረደም። እንደ ሰው በዓይኔ ልይ አልኩ። አፈጠጥኩ። መብራቱ ዙሪያውን ቀለበት አውጥቷል፤ ጠርሙሶቹ ጭጋግ ውስጥ እንደሚሄዱ ሰዎች አፍና አንገታቸው አይለይም። አንገቴን ወደ ግራ ሳዞር ትንሽ ይሻላል፣ ወደ ቀኝ ስመልሰው ይጠፋል። እንባዬ መጣ፣ ጠረግኩት፣ ሌላ መጣ። አንዱን ጠርሙስ አንሥቼ ልመረምረው ስል ግራ እጄ ሳላዘው ሌላ ጠርሙስ አነሣና ከእሱ ጋር አጋጨው። ጠርሙሱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ደህና ነው አልኩና መለስኩት። ቀጣዩን አነሣሁ፤ እጄ አሁንም አጋጨው። ድምፁ ሞተ፤ እንደ ተሰነጠቀ ሳህን ጠፍ አለ። አፉን በጣቴ ስዳስሰው ሽርፍ ነው። እኔ ግን አላየሁትም። በእጄ ይዤው፣ መብራቱ ፊት ለፊት፣ አላየሁትም! ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ እስከ ዛሬ ሽርፉን ስለቅም የኖርኩት በጆሮዬ ኖሯል። ቤልቱ ላይ እየተላተሙ ሲመጡ የታመመው ድምፁ ይለያል፤ ጆሮዬ ይሰማል፣ እጄ ይዘረጋል፣ እኔ ዓይኔ ነው እላለሁ። ከመቼ ጀምሮ? እኔ ምኑን ላውቅ። ማንም ደህና ሰው የዓይኑን ሥራ ጆሮው እየሰራለት እንደሆነ ልብ አይልም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቀጭኗ ዳቦዋን ከፌስታሉ ሳታወጣ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። «እትዬ፣ እርስዎ አይተዋል አይደል? እኔ እኮ በኔ በኩል ያለፈ የለም» አለችኝ። አላየሁም ልላት ነበር። ብድግ ብዬ ወደ ሲስተር ክፍል ሄድኩ። እዚያ ክፍል በሃያ ሁለት ዓመት የገባሁት አንድ ቀን ጣቴን ጠርሙስ ሲቆርጠኝ ብቻ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የፊደል ሰሌዳ። ሲስተር ስታየኝ ሳቅ ብላ «ንስር! ምን እግር ጣለዎት?» አለችኝ። «ዓይኔን እይልኝ፤ ግን ማንም እንዳይሰማ» አልኳት። ሳቋን ወዲያው ተወችው፤ በዚህ አከብራታለሁ።

ቀኝ ዓይኔን በካርቶን አስሸፈነችኝ። ከላይ ያለውን ትልቁን ፊደል አነበብኩላት፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ተደናቀፍኩ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። «አሁን ግራውን ይሸፍኑ» አለችኝ። ሸፈንኩ። ግድግዳው ነጭ ሆነ። «ሰሌዳውን ለምን አነሣሽው?» አልኳት። ሄዳ ሰሌዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ቀስ ብላ «አላነሣሁትም፤ እንዳለ ነው» አለችኝ። በሕይወቴ ሙሉ አንድ ዓይኔን ብቻ ጨፍኜ ዓለምን ለማየት ሞክሬ አላውቅም፤ ማን ይሞክራል? ግራው ሲሠራ ቀኙ ተኝቶ ኖሯል፣ ሁለቱም አብረው የሚያዩ መስሎኝ። በትንሽ ባትሪ አበራችብኝ። «ሐኪም አይቶ ይወስናል፤ እኔ ስመለከተው ግን የዓይን ሞራ ይመስለኛል። ቀኙ በስሏል፣ ግራውም እየተከተለው ነው። ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ አይዞዎት። ስኳርዎንና የዓይን ግፊትዎንም አብረው ይዩልዎት።» ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረች። «ይኼ መብራት ነው ያጠፋኝ?» አልኳት። «አይ፣ ሞራውን የሚያመጣው በአብዛኛው ዕድሜ ነው። ግን በየዓመቱ ቢታዩ ኖሮ እዚህ ሳይደርስ እናውቀው ነበር። የመብራቱ ጣጣ ሌላ ነው፤ ሳያርፉ ሲያፈጡ መዋል ዓይን ያደርቃል፣ ራስ ያሳምማል። የመስመራችሁ ልጆች ግማሾቹ ለራስ ምታት ነው እኔ ጋ የሚመላለሱት።» አጎነበስኩ። ቀጭኗ ፊቴ ላይ መጣች። ያቺን ብልጠቴን፣ ያቺን «ይጠራቀምልን» ያልኩባትን አፌን ረገምኳት። ሲስተር ወረቀቱን ሰጠችኝ፤ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የዓይን ሆስፒታል።

ወረቀቱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ስመለስ ፈረቃ አለቃው ማስጠንቀቂያውን ጽፎ ጨርሷል፤ ቀጭኗ እንድትፈርም እስክሪብቶ ይዞ ቆሟል። ነገ እኮ እለቃለሁ። ዝም ብል አንድ ቀን ነው የቀረኝ፤ ኬክ ተቆርጦልኝ፣ ንስር ንስር ተብዬ፣ ተጨብጭቦልኝ እወጣለሁ። ይኼን ሁሉ ከበሩ እስከ መብራቱ ስራመድ አሰብኩት። አልዋሽም፣ አጓጓኝ። «ቆይ አታስፈርማት። የሷ አይደለም፤ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አለቃው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «እትዬ ንስር፣ ገባኝ፤ ልጅቷ አሳዝናዎት ነው። ደግ ሰው ነዎት» አለኝ። ይኼኔ ነው የተናደድኩት። ሰው እውነቱን ተናግሮም አይታመን? ሻሼን ከራሴ ላይ ፈትቼ ዓይኔን አሰርኩ። «አሥር ጠርሙስ አምጣ። ሽርፉንም ደህናውንም ቀላቅልና ስጠኝ» አልኩት። መስመሩ ቆመ፤ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ እግራቸው ይሰማኛል። ሰጠኝ። አንዱን ከአንዱ እያጋጨሁ ደህናውን በቀኝ፣ ሽርፉን በግራ አስቀመጥኩ። ሰባት በቀኝ፣ ሦስት በግራ። ሻሹን ፈታሁ፤ አለቃው አንድ በአንድ አያቸው፣ አንዱንም አልሳትኩም። ከኋላ አንዷ ማጨብጨብ ጀመረች።

«አታጨብጭቢ!» ብዬ ጮህኩባት። «ይኼ የሰርከስ ትርዒት አይደለም። በዚህ ጠርሙስ የሚሞላው ሕፃን የሚጠጣው ሽሮፕ ነው። ዛሬ ጎማ ገባ፣ ድምፁ ጠፋ፣ እኔም ጠፋሁ። አላይም!» እንባዬ ወረደ፣ አልጠረግኩትም። አለቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ጠዋት የታሸገው ካርቶን በሙሉ ተከፍቶ እንደገና ይታይ ብሎ አዘዘና እየተነጫነጨ ሄደ። ቀጭኗ አጠገቤ መጥታ እጄን ያዘች። በዚህ መሀል ያ ደወል ጮኸ፤ እስከ ዛሬ ማንም ጆሮ ያልሰጠው ደወል። ቀጭኗ ወደ መስኮቱ ዞራ ቀና አለች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ዞሩ። «እስከ ሠላሳ ነው» አልኳቸው። እኔም ዞርኩ፤ ታንከሩ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ግራጫ ነገር አየሁ፤ ታንከር ነው ብዬ አመንኩ።

ሲስተር ለአለቃው ነግራልኝ ፈረቃው ሳያልቅ ለቀቁኝ። ሰርቪስ ስለሌለ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ለልጄ የምለውን እያቀናበርኩ ነበር። አንዴ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ልክ ነህ» ብዬ ላሽሟጥጥ እላለሁ፤ አንዴ ወረቀቱን ቀድጄ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰኞ ሚጣን ልይዝ እላለሁ። ማን ያውቃል? ቤቱ ጸጥ ያለ አይደለም፤ ሚጣ ታለቅሳለች፣ ድምፅ አላት፣ በጆሮዬ እይዛታለሁ። መልሳ ደግሞ «ሕፃን ጠርሙስ ነው እንዴ?» ትላለች ነፍሴ። ድምፅ የሌለው ነገር አንሥታ ብትውጥስ? የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሁለቴ ተደናቀፍኩ። አንዲት ወጣት ልጅ ክንዴን ይዛ «ማዘር፣ አይዞን» ብላ አሻገረችኝ፤ ላመሰግናት ይሁን ልቆጣት ሳልወስን ሄደች።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና በሳሎኑ መስኮት ትገባለች። ምራቴ ሚጣን ታቅፋ ብድግ አለች። «እማማ፣ ዛሬስ ቀደሙ! እስቲ ይያዙልኝ፣ ወተቷን ላሙቅ» ብላ ዘረጋችልኝ። እጆቼን ወደ ኋላ ሸሸግኳቸው። ምራቴ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። «ቆሜ አልይዛትም የኔ ልጅ። አላይም» አልኳት። ቃሉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ቀለል ይላል። እሷ ጭራሽ አላመነችኝም፤ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በሩ ተከፈተና ልጄ ገባ። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ሲል ወደቀበት። «ጠዋት ሰምተሽኛል» አለ። «ግድግዳው ጣውላ ነው» አልኩት።

ተቀመጥን፤ እነሱ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወንበር ላይ። ከዚያ ሳላስበው ጮህኩ። «ለሚስትህ ነገርካት። ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? እኔ አይደለሁም ባለ ዓይኗ?» «ፈርቼ ነው» አለ። «ምን አባቴ ያስፈራል?» «ንስር ሲሉሽ ደስ ሲልሽ አያለሁ እማዬ። እንዴት ብዬ እነጥቅሻለሁ?» በዚህ ስም እኮ ነው ሲስተርን ያሳቅኩባት፣ በዚህ ስም ነው ምርመራውን የሸሸሁት። «ሰኞን እናንተ ዘይዱ» አልኩ በመጨረሻ። «ዓይኔ እስኪከፈት ደረጃ ላይ አልይዛትም፣ ምድጃ ያለበት ክፍልም አብሬያት አልውልም። ከተከፈተ በኋላ ግን የኔ ናት፤ ሞግዚት የሚባል እዚህ በር እንዳላይ!» ልጄ ፈቃድ እጠይቃለሁ አለ፤ ምራቴም የእረፍት ቀን ቀርታኛለች፣ ተራ እንገባለን አለች። ነገ ሦስት ሰዓት ማን እንደሚወስደኝ ሲነጋገሩ አቋረጥኳቸው።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ግን እንዳታዝኑብኝ» አልኳቸው። «ይቺን ልጅ እስከ ዛሬ ፊቷን አይቼው አላውቅም። አንቺን ትመስላለች ስትሉኝ አዎ የምለው አይቼ አይደለም። ሌላ ምን ልበል?» ምራቴ ፊቷን ወደ ወጥ ቤት አዞረች። ልጄ ተነሣ። ወንበሬን ከነእኔ ጎትቶ መስኮቱ ጋ አደረሰኝና ሚጣን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከጎኔ ተንበርክኮ ሁለታችንንም በክንዱ ያዘን። የምትሞቅ፣ የምትወራጭ፣ ወተት ወተት የምትሸት ነገር ናት፤ ፊቷ የብርሃን እድፍ ነው። «ንገረኝ» አልኩት። ግንባሯ ሰፊ እንደሆነ፣ ቅንድቧ ገና እንዳልሞላ፣ አፍንጫዋ የእናቷ፣ ከንፈሯ የሱ እንደሆነ ነገረኝ። ዓይኗ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ዓይኗስ?» አልኩት።

«ቁርጥ ያንቺ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ቶሎ አስመርምሯት» አልኩ። እንድንስቅ ብዬ ነበር። ልጄ ግን አልሳቀም፤ «እሺ» አለኝ፣ እንደ ትእዛዝ። ሚጣ አፍንጫዬን ይዛ ጎተተችኝ። እጇን ሳላስለቅቅ፣ «አሁን ቀስ ብለህ ድገምልኝ፤ ከግንባሯ ጀምር» አልኩት።